ልጆቹን ከመኪና ሳታወርጂ ጠይቂ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 5፣ ትንሹ ዓመት ከመንፈቅ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ለአራት ቀን ሐዋሳ ልንሄድ ነው። አምና ላንጋኖ ሄደን የምግቡ ሂሳብ ከመኝታው በልጦ ተመለስን፤ ያውም ልጆቹ ግማሹን ሳይበሉት። መካከለኛዋ በርበሬ የነካው ነገር አትቀምስም። አማቴ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ትልቁም ዘንድሮ ‹ከአያቴ ጋር እጾማለሁ› ብሏል። ባለቤቴ ‹ከተማው ሙሉ ምግብ ቤት ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል› ይለኛል። እኔ ግን ዋጋ መጠየቅ፣ ለስድስት ሰው ሦስት ምግብ ማዘዝ፣ ከቤት የያዝኩትን አውጥቼ ማብላት በአማቴ ፊት ያሳፍረኛል። ኪስ የማይጎዳ፣ ልጆች የማያሳምም ቤት እንዴት ልምረጥ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ምግብ ቤት ነው፤ ከገንዘቡም ከበርበሬውም በፊት ዓይኔ የገባው ግን ይሉኝታሽ ነው። አምና የሆነውን ሳልጠይቅሽ ልገምት። ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ደክሟቸዋል። ሁላችሁም ወርዳችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጣችሁ። ከዚያ ሜኑ መጣ። ዋጋውን ስታዪ ደነገጥሽ፤ ግን አማትሽ ተቀምጠዋል፣ ትንሹ ከጠረጴዛው ላይ ዳቦ አንስቷል፣ አስተናጋጁ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። በዚያች ሰዓት «ይቅርታ፣ ሌላ ቤት እንይ» ብላ ልጆቿን የምታስነሳ እናት እስካሁን አላየሁም። እኔም ልጆቼ ትንንሽ እያሉ አንድም ቀን አልቻልኩም።

ስለዚህ ብዙ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጆቹን ከመኪና ሳታወርጂ ግቢና ጠይቂ። ባለቤትሽ ከእነሱ ጋር ይቆይ። አምስት ደቂቃ ይበቃሻል። ገና ያልተቀመጠ ሰው ማንንም ሳያስቀይም መውጣት ይችላል፤ «አመሰግናለሁ፣ ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግሬ እመለሳለሁ» ማለት ነው። አስተናጋጆች ይህን በቀን አሥር ጊዜ ይሰማሉ፣ ማንም አይታዘብሽም።

ምን ትጠይቂያለሽ? መጀመሪያ ዋጋውን ከነታክሱ። በሆቴሎችና ከፍ ባሉ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ታክሱ የሚሰላው አገልግሎቱ ከተጨመረ በኋላ ከሆነ በ1,000 ብር ያዘዝሽው 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። ስድስት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ለአራት ቀን ሲበላ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚሆን አንቺው ደምሪው። የአምናው ሂሳብ ከመኝታው የበለጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። «ይህ ዋጋ ሁሉንም ያካትታል?» ብለሽ ጠይቂ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ቀጥሎ «አሁን ከእሳት የወረደው ምንድን ነው?» በይ። «ምን አላችሁ?» ካልሽ አስተናጋጁ ሜኑውን በሙሉ ይወርድልሻል። አሁን የወረደውን ስትጠይቂ ግን ወጥ ቤቱን መለስ ብሎ ያያል። መልሱ ውስጥ የቤቱ ሁኔታ አለ። «ሽሮው እየተንተከተከ ነው፣ ክኩ አሁን ወጣ» የሚል ቤት እና «ሁሉም አለ» የሚል ቤት አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ መጸዳጃ ቤቱን እይው። አንዳንዶች ይህን ከምግብ ጋር ማንሳት ነውር ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከወጥ ቤቱ በፊት የማየው እሱን ነው። ውሃ አለ? ሳሙና አለ? እዚያ ውሃ ከሌለ ምግብ የሚሠራው ሰው እጁን የት ይታጠባል? ነሐሴ ደግሞ የክረምት እምብርት ነው፤ ዝንብ የሚበዛበት፣ ጎርፍ ውሃ የሚያደፈርስበት ወቅት። የአምስት ዓመት ልጅ ምግብ ሲቀርብ «ሽንቴ መጣ» ማለቷ ስለማይቀር ለእሷም ሲባል አስቀድሞ ማየቱ ይጠቅማል።

አሁን ስለ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ቁርስ አብልታችሁ ከወጣችሁ፣ በአዳማው የክፍያ መንገድ ሄዳችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ከታጠፋችሁ፣ በመንገድ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ማረፊያ አንድ ብቻ ነው። ፈጣኑ መንገድ በየከተማው መሐል ስለማያልፍ እንደ ድሮው «ትንሽ ወረድ ብለን እንበላለን» ማለት አይሠራም። ከገባችሁ በኋላ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛችሁ ብዙ ትነዳላችሁ። ስለዚህ ማረፊያውን ከቤት ሳትወጪ ወስኚ። እኔ ባቱን እመርጣለሁ፤ የድሮው ዝዋይ ማለቴ ነው። ከመንገዱ ከግማሽ ያልፋል፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ የቁርስ ቤቶች ያን ሰዓት ገና ሥራ ላይ ናቸው። ለትንንሾቹ እንቁላል ፍርፍር ያለ ቃሪያ፣ ለእናንተ ሻይ። ከዚያ ተነስታችሁ ምሳችሁን ሐዋሳ። ሻሸመኔ ላይ «ትንሽ እንቁም» ቢባል እንዳትቆሙ፤ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ ግርግር ውስጥ ገብታችሁ ሰዓት ታቃጥላላችሁ።

ባለቤትሽ ምናልባት «አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት ጥሩ ነው» ይል ይሆናል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፣ እኔም አምን ነበር። አንድ ጊዜ በሌላ መስመር ስንሄድ አውቶቡስ ተደርድሮ ካየንበት ቤት ገባን። ጥብሱ ቶሎ መጣ፣ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ተርበን ስለነበር በላነው። ሌሊቱን ልጄ ስታስመልስ አደረች። በኋላ አንድ የረዥም መንገድ ረዳት ያስረዳኝ ነገር ዓይኔን ገለጠው። ሾፌርና ረዳት መንገደኛ ይዘው ሲመጡ በነፃ የሚበሉባቸው ቤቶች አሉ። አውቶቡሱ የቆመው ለምግቡ ጣዕም ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የማየው ሌላ ነገር ነው። የከተማው ሰው፣ የቀበሌና የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ባጃጅ ነጂው ምሳውን የት ይበላል? ነገም እዚያው የሚመጣ፣ ከደመወዙ ቀንሶ የሚበላ ሰው የተሰለፈበት ቤት ዋጋውም ምግቡም ይታመናል። ሐዋሳ ስትደርሱ ለባጃጅ ነጂው «ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» ብትዪው ለእንግዳ ይሆናል ያለውን ውድ ቤት ይጠቁምሻል። «አንተ ምሳህን የት ትበላለህ?» በይው።

ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ነገር ይወስናል። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚበላ ቤተሰብ ከሠራተኛው ጋር ይጋፋል፣ ይጠብቃል፣ ልጅ ይነጫነጫል፣ እናት ለስላሳና ችፕስ አዝዛ ታታልላለች፤ ወጥ ሲመጣ ልጁ ጠግቧል። ልጆቹ ግማሹን ሳይበሉት ቀረ ያልሽው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ። ወጡ ያን ጊዜ ነው ከእሳት የሚወርደው፣ ወንበር አለ፣ አስተናጋጅ ልብ አለው፣ «ለሕፃኗ ያለ በርበሬ» ስትዪ የሚሰማሽ ሰው ታገኛለሽ።

አማትሽ በፍልሰታ ቅዳሴ አስቀድሰው እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ሁለት ማዕድ ይኖራችኋል። ትንንሾቹ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፤ ትልቁ ማዕድ 9 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ይሁን። 9 ሰዓት ላይ ግን ጠዋት የተሠራ ወጥ ለብ ብሎ ቆይቶ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ያን ሰዓት ከማሰሮ የተጨለፈ አትዘዙ፤ ሲታዘዝ የሚሠራ እዘዙ። ተጋቢኖ ሽሮ በሸክላው እየፈላ ይምጣ፣ ፓስታ በቲማቲምና በአትክልት ይሠራ። ሃያ ደቂቃ መጠበቅ የልጅ ሆድ ከሚታመም ይሻላል።

ስለ ጾሙ ዝርዝሩን አውቀሽ ግቢ። ሽሮ «የጾም ነው» ይሉሻል፣ ቅቤ ጣል የሚደረግበት ቤት ግን አለ። ፉልና ጨጨብሳም እንዲሁ፤ «ያለ ቅቤ፣ በዘይት» ብለሽ እዘዢ። አማትሽ የሚጠነቀቁ ከሆነ ደግሞ የድንች ጥብሱ ዓሣና ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ጠይቂ፤ ይህን ብዙዎች አያስቡትም። መካከለኛዋ ልጅሽ ስለማትጾም እንቁላልና ወተት ትፈልጊላታለሽ። በፍልሰታ የፍስክ ጨርሶ የማይሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሐዋሳ ላይ ግን ነገሩ ይቀላል፤ ከተማው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች የሚበዙበት፣ ሙስሊሞችም ያሉበት ስለሆነ የጾምና የፍስክ ጎን ለጎን የሚሠራ ቤት አይቸግርሽም። የቅቤና የእንሰት ወዳጅ ከሆናችሁ አንቺና ባለቤትሽ የሲዳማውን ቡሪሳሜ ቅመሱት፤ ለመካከለኛዋም በርበሬ ካልገባበት ከጣታችሁ ላይ ትንሽ አቅምሷት።

ትልቁን ልጅሽን አደራ አትከልክዪው። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ስንቶቻችን በዚያ ዕድሜ ከአያቶቻችን ጎን ቆመን ጀመርናት። ግን መንገድ ላይ እስከ 9 ሰዓት አይቆይ። ያንን ከአንቺ ይልቅ አያቱ ቢነግሩት ይሻላል፤ ይሰማቸዋል።

አሁን ወደሚያሳፍርሽ ነገር ልምጣ፤ ለስድስት ሰው ሦስት ምግብ ማዘዝ። እህቴ፣ እኛ እኮ አንድ ትሪ ከበን የምንበላ ሕዝብ ነን! ለየሰው ለየብቻ ሳህን ማዘዝ ነው አዲሱ ነገር። ዓመት ከመንፈቅ ልጅና የአምስት ዓመት ልጅ የራሳቸው ሙሉ ምግብ አያስፈልጋቸውም። የጾም በያይነቱ ለሁለት ሰው፣ አንድ ተጋቢኖ፣ ለመካከለኛዋ እንቁላል፤ ጎደለ ካልሽ እንጀራ ጨምሪ። (ተጨማሪው እንጀራ የሚከፈልበትና የማይከፈልበት ቤት ስላለ እሱንም ጠይቂ።) የበያይነቱ ጥሩነቱ ለመካከለኛዋም ቦታ አለው። ቢጫው በኩል የእሷ ነው፤ ክክ አልጫ፣ ድንች በካሮት፣ ጥቅል ጎመን። ምስሩን በአንቺ በኩል አዙሪው። ሰላጣውን ግን ከመምጣቱ በፊት «አይደረግበት» በይ። በክረምት ውጭ የሚበላ ጥሬ ሰላጣ ለትንንሽ ልጅ አልመክርም።

ውሃ ከሱቅ በእሽግ ግዢ፤ በየምግብ ቤቱ በየጠርሙሱ የሚከፈለው ገንዘብ ሳታውቂው ያልቃል። ጁስ ቤት አንድ ትልቅ አቮካዶ ወይም ስፕሪስ አዝዘሽ «ለሁለት ልጆች ክፈሉልኝ» ብትዪ ለእነሱ የዘወትር ሥራ ነው። በረዶ አይግባበት፣ ውሃ የሚያቀጥኑበት ከሆነ የታሸገ ይሁን።

እራት ደግሞ ጨርሶ ውጭ አትብሉ ብዬ ልደፍር ነው፤ ቢያንስ ሁለቱን ምሽት። ልጆች ሐይቅ ዳር ውለው 12 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ይከደናል። ተኝቶ የሚያንቀላፋ ልጅ ታቅፎ ምግብ ቤት መሄድ ድካምም ኪሳራም ነው። ከገበያ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ትኩስ ዳቦ ገዝታችሁ፣ ፍሬውን በታሸገ ውሃ አጥባችሁ ልጣችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ብሉ። ማርም ከአዲስ አበባ ያዢ። ከቤት የያዝሽውን ማውጣት ያሳፍረኛል ላልሽውም፣ ስንቅ ለመንገደኛ ክብሩ ነው፤ አማትሽ በዘመናቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ሳይቋጥሩ መንገድ የወጡ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ ቆሎና ኦቾሎኒ የትንሹ እጅ እንዳይገባ። በዚያ ዕድሜ ያንቃል፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደግሞ ቶሎ አይታይም። ለእሱ አጥሚት በፔርሙዝ፣ የራሱ ማንኪያና ኩባያ።

መኝታ ስትይዙም «ቁርስ አለው?» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ቁርሱ ለስንት ሰው ነው? ልጆቹ ይከፈልባቸዋል? ብዙ ጊዜ ለአንድ ክፍል ሁለት ሰው ነው የሚታሰበው። መጫወቻ ያለበት ምግብ ቤት ልጆቹ ይወዳሉ፤ መግቢያውና ዥዋዥዌው ለየብቻ የሚከፈልበት ከሆነ ግን ከምሳው በላይ ሊወጣ ይችላል።

ሐዋሳ ደርሳችሁ አሞራ ገደል ሳትሄዱ እንዳትመለሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጀልባቸውን ያስጠጋሉ፣ መረብ ይፈታል፣ ዓሣው እዚያው ይገፈፋል፣ እዚያው ይጠበሳል። ልጆችሽ ምግብ ከየት እንደሚመጣ በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ ነው፤ እኔ ከየትኛውም የሐይቅ ዳር ሆቴል በላይ እወደዋለሁ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ሂዱ። ዓሣውን ራስሽ መርጠሽ፣ ዋጋውን ዘይት ሳይገባ ተስማሚ። ለልጆቹ ቆሮሶ ይሁን፤ ጀርባው ላይ ያለውን ሥጋ በጣትሽ እየዳሰስሽ ስጪያቸው፣ እሾኩ ቀጭን ነውና አንቺ ያላየሽውን ጣትሽ ያገኘዋል። ዳጣው ለብቻው ይቅረብ፣ ልጅሽ ከነካችው ዓሣ ዳግመኛ አትቀምስም። ጥሬውን ዓሣ ባለቤትሽ ቢወድም ለልጆች በፍጹም አይሰጥ፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው አጠገብ ይቆማሉ፤ ለማየት ደስ ይላሉ፣ ግን ትንሹን መሬት አታውርጂው፤ አጥንትም ምንቃርም አለ። ጦጣዎቹም ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃሉ። አማትሽ በጾም ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ያንን ጠዋት ከትልቁ ልጅ ጋር ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቢያሳልፉት ለሁሉም ይመቻል። እናንተም በፊታቸው ከመብላት ትድናላችሁ።

ልጄ ስታስመልስ ካደረችበት ሌሊት የተማርኩትን ሳልነግርሽ አላልፍም። ቦርሳሽ ውስጥ ሳሙና፣ ልጅ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው የሚጠጣ ሁለት ሦስት ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይኑር፤ ፋርማሲ ‹ኦ አር ኤስ› ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ ጽሑፉን አይተሽ አረጋግጪ። ቀንሰሽም ጨምረሽም አትበጥብጪ፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው። ለሕፃን በማንኪያ በማንኪያ ይሰጣል፤ ጡት የምታጠቢም ከሆነ አታቋርጪ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ግን ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ውሰጂው።

የመጨረሻው አማትሽ ናቸው። በእሳቸው ፊት ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረኛል ብለሻል። እስካሁን «ብቻሽን ግቢ» ስልሽ ነበር፤ አሁን ላስተካክለው። አብረሽ ይዘሻቸው ግቢ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወጥ የሠሩ ሴት ናቸው። ሽታው ብቻ የዛሬ ይሁን የትናንት፣ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ አይቁላላ ይነግራቸዋል። «እማማ፣ ልጆቹ እንዳይታመሙብኝ እርስዎ ይዩልኝ» በያቸው። አንቺ ዋጋውንና ውሃውን ጠይቂ፣ እሳቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይዩ። ባቱ ላይ ጀምሩት፤ ሐዋሳ ስትደርሱ «ይሄ ቤት ይቅርብን» የሚሉሽ እሳቸው ይሆናሉ።